ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ኬብሉ ተሰክቷል፣ ላፕቶፑ በርቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። እንዲህ ያለ ብልሽት ይዞ ለሄደ ሰው ብዙ ጥገና ቤት ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። መልሱ አንዳንዴ ይሠራል፤ ዕድሜ የሰጠውም ይኸው አንዳንዴ መሥራቱ ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሲስተም ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ የተበላሸውን ካልተበላሸው አይለይም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የብልሽቱን አሻራ አብሮ ያጠፋል። ኮኔክሽኑ ከተመለሰ ምን ሆኖ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም፤ በሳምንቱ ሲደገም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ካልተመለሰ ደግሞ ግማሽ ቀን ሥራ፣ ምናልባትም የባለቤቱ ፋይሎች በከንቱ ሄደዋል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ በኬብል የሚመጣ ኔትወርክ ሲቋረጥ የተቋረጠበትን ቦታ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ቃላቸውም ከታች ከኤሌክትሪኩ ተነስቶ ወደ ላይ ወደ ድረ ገጹ በቅደም ተከተል ሊነበብ ይችላል። ማንኛውም ጥገና፣ ቀላሉም ቢሆን፣ ከዚህ ንባብ በኋላ መምጣት አለበት።

ኬብል ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ሁልጊዜ የተመቸ አልነበረም። ሮበርት ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ኤተርኔትን ሲያስብና ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሲሠራው ማሽኖቹ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ኮአክሲያል ኬብል ነበር። በዚያ አሠራር ኬብሉ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ወይም ጫፉ ላይ ያለው መዝጊያ ከወለቀ በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይቋረጣሉ፤ የተቆረጠበትን ለማግኘትም መስመሩን ተከትሎ ከክፍል ክፍል መዞር ግድ ይላል። በ1990 10ቤዝ-ቲ የተባለው ደረጃ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ማሽን ወደ መሃል ማገናኛ የሚሄድ የራሱ ኬብል አገኘ። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የምንሰካው ባለ 8 ሽቦ ኬብል የዚያ ዘር ነው። ከለውጡ ጋር ብዙ ጊዜ የሚነሳው የኬብሉ ቀጭንነትና ርካሽነት ቢሆንም ለብልሽት ፈላጊ ያመጣው ጥቅም ይበልጣል ባይ ነኝ። ብልሽቱ ቦታ አገኘ፦ ወይ ላፕቶፑ ላይ ነው፣ ወይ በዚያች አንዲት ኬብል ላይ ነው፣ ወይ መሃል ማገናኛው፣ ማለትም ስዊቹ ወይም ራውተሩ ጋ ነው፣ ወይ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

መብራት ሲጠፋ ማንም ሰው ቆጣሪ ከመነካካቱ በፊት በመስኮት የጎረቤትን ቤት ያያል። ኔትወርክ ሲጠፋ ይህ ልማድ የሚረሳው ችግሩ የሚታየው ስክሪን ላይ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ጥፋተኛውም እዚያው ከስክሪኑ ኋላ ያለ ይመስላል። ከዚያው ራውተር ዋይፋይ የሚቀበል ስልክ በይነመረብ የሚከፍት ከሆነ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር በሙሉ ከተጠርጣሪነት ወጣ ማለት ነው፤ ስልኩ ግን በሞባይል ዳታ እየሠራ እንዳያታልል ዳታው መጥፋት አለበት። አጠገብ ያለ ባልደረባ የሚሠራበት ኬብል ተነቅሎ ወደ ታመመው ላፕቶፕ ሲዞር ኮኔክሽኑ ከመጣ ላፕቶፑ ነፃ ነው፤ ካልመጣ ጥርጣሬው በላፕቶፑ ላይ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው መለዋወጥ የሚጠቅመው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሲቀየር ነው። ኬብሉንም፣ የስዊቹን ፖርትም፣ የላፕቶፑን ሴቲንግም አንድ ላይ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ይህም በትንሹ የተደረገ ፎርማት እንጂ የተለየ ነገር አይደለም።

ከታች የሚጀመረው ንባብ የመጀመሪያ መስመሩ በመሰኪያው ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ናቸው። አንዱ ሊንክ መኖሩን፣ ሌላው መረጃ መመላለሱን ያሳያል፤ በአንዳንድ መሣሪያ አንዱ መብራት ሁለቱንም ይሠራል። ላፕቶፑ ላይ ባይኖሩ በስዊቹ ወይም በራውተሩ ጫፍ አይጠፉም። መብራቱ ከበራ ሁለቱ ጫፎች በኤሌክትሪክ ደረጃ ተገናኝተዋል፤ ካልበራ ስለ አይፒ አድራሻ፣ ስለ ፋየርዎል፣ ስለ ብራውዘር ማውራት ገና ጊዜው አልደረሰም። እዚህ ላይ ዊንዶውስ የሚያሳየው አንድ ልዩነት ብዙ ድካም ያስቀራል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኤተርኔት ካርዱ በስሙ ተዘርዝሮ፣ የኔትወርክ ገጹ ግን ኬብል አልተሰካም የሚል ከሆነ ድራይቨሩ ካርዱን እያናገረው ነው፤ ያጣው ከውጭ የሚመጣውን ሲግናል ነው። ካርዱ ከዝርዝሩ ጭራሽ ከጠፋ ወይም ቢጫ ምልክት ካረፈበት ግን ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ፣ ወደ ባዮስ ወይም ወደ ሃርድዌሩ ይዞራል። ፎርማት ተስፋ የሚኖረው በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ ነው፣ ያውም ጥፋቱ የድራይቨር ከሆነ ብቻ። በመጀመሪያው ሁኔታ ዊንዶውስን አሥር ጊዜ መጫን የተበጠሰ ሽቦ አይቀጥልም።

መብራቱ በርቶም ቢሆን ምስክርነቱ አላለቀም፤ በምን ፍጥነት በራ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በኬብሉ ውስጥ ያሉት 8 ሽቦዎች በ4 ጥንድ የተጠማዘዙ ናቸው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚሠራው ግንኙነት የሚጠቀመው 2 ጥንድ ብቻ ነው፤ በቁጥር 1፣ 2፣ 3 እና 6 ላይ ያሉትን፣ ማለትም ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን። በ1999 የወጣው የጊጋቢት ደረጃ ግን 4ቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ላፕቶፑም ስዊቹም ጊጋቢት የሚችሉ ሆነው ሳለ ዊንዶውስ የሊንኩን ፍጥነት 100 ብሎ ካሳየ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ነው፤ አንዷ ሽቦ ከመሰኪያው ራስ ወጥታለች ወይም በጠረጴዛ እግር ተቀጥቅጣለች። ነገሩን የሚያወሳስበው ሁለቱ ጫፎች የሚደራደሩት በእነዚያው በደህናዎቹ 2 ጥንዶች መሆኑ ነው። በድርድሩ «ጊጋቢት እንችላለን» ተባብለው ይስማሙና ሥራው ሲጀመር የተበጠሰውን ያገኙታል። ብልህ ካርድ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ወደ 100 ዝቅ ይላል፤ ሌላው እየተገናኘ እየተቋረጠ ይከርማል። መብራቱ በየጥቂት ሰከንዱ የሚበራና የሚጠፋ ላፕቶፕ «ቫይረስ ገብቶበታል» ሲባል የሚሰማው እንዲህ ባለ ሽቦ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የካርዱን ፍጥነት በእጅ 100 ላይ አስሮ መሞከር ምርመራውን ይጨርሳል፤ መቆራረጡ ከቆመ ኬብሉ ተያዘ።

ኬብሉ በእጅ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ከመበጠስ የከፋ ነገር አለ። ጫፍ የሚያስር ሰው ጥንዶቹን በቅደም ተከተል 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6፣ 7 ከ8 ቢያስቀምጥ በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ እስካደረገ ድረስ ርካሹ ኬብል ቴስተር ከ1 እስከ 8 ያሉትን መብራቶች ተራ በተራ አብርቶ «ደህና ነው» ይላል። ደህና ግን አይደለም። በደረጃው መሠረት 3 እና 6 የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች መሆን አለባቸው፤ በዚህ አስተሳሰር ግን 3 ከአንዱ ጥንድ፣ 6 ከሌላው ይመጣሉ። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት ለውበት አይደለም። አንድ ሲግናል በጥንዱ በአንደኛው ሽቦ ሲሄድ ተቃራኒው በሌላኛው ይሄዳል፤ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ተቀባዩ ልዩነታቸውን ሲወስድ ረብሻው ይጠፋል። ጥንዱ ከተለያየ ይህ መጣፋት ይቀራል። ቴስተሩ የሚመሰክረው ኤሌክትሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፉን ብቻ ነው፤ በፍጥነት የሚመላለስ ሲግናል ሳይበላሽ ማለፉን አልጠየቁትም፣ አልመለሰም። እንዲህ ያለ ኬብል አጭር ከሆነ ሊሠራም ይችላል፤ ግድግዳ አልፎ 40 ወይም 50 ሜትር ሲሄድ ነው ጉዱ የሚወጣው። ለዚህ ነው ከሁለቱ የታወቁ የቀለም አደራደሮች፣ ብዙ ቦታ ከሚሠራበት ቲ568ቢ ወይም ከቲ568ኤ፣ መውጣት የማያዋጣው፦ በቲ568ቢ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሆኖ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጥ ኬብልም ቴስተሩን ከሚያታልለው ወገን ነው፤ አሉሚኒየም ከመዳብ የበለጠ የኤሌክትሪክን ፍሰት ይከለክላል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ደረጃው የፈቀደው ርቀት 100 ሜትር የሆነው ለእውነተኛ መዳብ ነው።

መብራትም ፍጥነትም ደህና ሆነው ኔትወርኩ የሚንፏቀቅበት አንድ ሁኔታ ደግሞ አለ፤ የሰው እጅ ያመጣው ነው። አንድ ሰው በስዊቹ በኩል 100 ሜጋቢት፣ ሙሉ ዱፕሌክስ (ሁለቱም ጫፎች በአንድ ጊዜ የሚናገሩበት) ብሎ በእጅ ያስራል፤ ላፕቶፑ ግን በራሱ ለመደራደር ይጠብቃል። ከዚያኛው ጫፍ ድርድር ስለማይመጣ ላፕቶፑ ፍጥነቱን ከሲግናሉ ያውቃል፤ ዱፕሌክሱን ግን ማወቅ ስለማይችል ደረጃው እንደሚያዘው በግማሽ ዱፕሌክስ ይቀመጣል። አንዱ ሲፈልግ ይናገራል፣ ሌላው ዝምታ ይጠብቃል። ትንንሽ መልእክቶች ያልፋሉ፤ ትልቅ ፋይል ሲወርድ ግን መስመሩ በግጭት ይታነቃል። በእጅ ማሰር በ1990ዎቹ፣ የድርድሩ አሠራር ገና ባልጠራበት ዘመን፣ ምክንያታዊ ምክር ነበር። በመዳብ ላይ ለሚሄድ ጊጋቢት ግን ድርድር ግዴታ ስለሆነ ምክሩ ዘመኑ አልፎበታል፤ ቅድም ያልነው የ100 ሙከራም ለምርመራ ያህል ብቻ ተደርጎ ወዲያው ወደ ነበረበት መመለስ አለበት።

ከሽቦው ቀጥሎ የሚነበበው አድራሻው ነው። ላፕቶፕ ኔትወርክ ላይ ሲሰካ አድራሻ የሚያገኘው ዲኤችሲፒ በሚባለው ሥርዓት ነው፦ ላፕቶፑ «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ብሎ ይጮኻል፣ ራውተሩ አንድ አድራሻ ያቀርባል፣ ላፕቶፑ እሱን እንዲሰጠው ይጠይቃል፣ ራውተሩ ያጸድቃል። ይህ ካልተሳካ ዊንዶውስ ዝም አይልም፤ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ አድራሻ አለኝ ብሎ ያልፈዋል፤ ቁጥሩ ግን ጠይቄ መልስ አጣሁ የሚል ግልጽ መግለጫ ነው። ምክንያቱ ራውተሩ መደንዘዙ ወይም ፖርቱ ለሌላ ክፍል ኔትወርክ መመደቡ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ከተሞች ደግሞ ሌላ የተለመደ መንገድ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ እንደበራ ነው፤ ራውተሩና ስዊቹ ግን ገና ከእንቅልፋቸው እየነቁ ናቸው። ስዊቹ ቀድሞ ከነቃ ሊንኩ ይበራል፣ ላፕቶፑ ይጠይቃል፣ ራውተሩ ስላልደረሰ መልስ ይጠፋል፤ ዊንዶውስ እንደገና የሚጠይቀው በየ5 ደቂቃው ነው። ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ጥያቄውን ወዲያው ያስደግመዋል። በተቃራኒው አድራሻው ደህና የሚመስል ግን የዚህ ቤት ያልሆነ ሊሆን ይችላል፦ ቢሮ ውስጥ በእጅ የተሞላ ቋሚ አድራሻ ይዞ ቤት የመጣ ላፕቶፕ በ192.168.1 ሰፈር ውስጥ በ10.0.0 ስም ሲጣራ የሚሰማው የለም።

አድራሻው ከተስተካከለ ቀጣዩ ምርመራ ፒንግ ነው፦ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ። ማይክ ሙስ በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ይህን ፕሮግራም በአንድ ምሽት የጻፈው የሚሠራበት ኔትወርክ እንግዳ ጠባይ ስላሳየው ነበር፤ ማለትም ለዚሁ ለእኛ ጉዳይ። ወደ 127.0.0.1 የሚላክ ፒንግ ከላፕቶፑ ሳይወጣ የሚመለስ ስለሆነ ስለ ኬብሉ ምንም አይናገርም፤ የሚፈትነው የውስጡን ሶፍትዌር ነው። ወደ ራውተሩ የተላከው ከተመለሰ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ፣ ካርድ፣ ኬብል፣ ስዊች፣ አድራሻ፣ ከመቋረጥ ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ ነፃ ይወጣል። ከራውተሩ ወዲያ በይነመረብ ላይ ወዳለው 8.8.8.8 የተላከው ከተመለሰ የውጭው መስመርም ደህና ነው። ቁጥሩ እየመለሰ የድረ ገጽ ስም ካልተፈታ ደግሞ ጥፋቱ የዲኤንኤስ ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ የፒንግ መልስ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ዝምታው ግን ደካማ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ራሱ ከውጭ የሚመጣ ፒንግን በተለመደው አቀማመጡ ሊዘጋ ስለሚችል የባልደረባ ላፕቶፕ አለመመለሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሁሉም ፒንግ ተመልሶ፣ ስሙም ተፈቶ፣ ብራውዘሩ ግን በየገጹ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ካወጣ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን ማየት ነው። የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ወደ ኋላ በተመለሰ ቀን ይነሳል፤ በዚያ ቀን የዛሬው ሰርተፊኬት ገና አልተሰጠም።

ይህን ሁሉ የሚቃወም ሰው «ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከል የለም እንዴ?» ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፣ እኔም አልከለክልም። የምለው መብራቱንና አድራሻውን ለማየት አንድ ደቂቃ ስለሚበቃ ሪስታርቱ ከዚያ በኋላ ይሁን ነው፤ በየቀኑ ሪስታርት የሚፈልግ ላፕቶፕ ደግሞ አልተጠገነም። ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እያጠፋ የሚያስቸግር የዊንዶውስ ምርጫ ሊኖርበት ይችላል፣ ይህም በዲቫይስ ማኔጀር በካርዱ ስር አንድ ምልክት በማንሳት ይቆማል። ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ነው፦ ከታች አንድ በአንድ መውጣት የጀማሪ ዘዴ ነው፣ አዋቂ መሃል ላይ ራውተሩን ፒንግ አድርጎ ሜዳውን ለሁለት ይከፍላል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ መሃል ላይ መጀመር ከታች ከመጀመር ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ከፎርማት ጋር ግን አንድ ወገን አይሆንም፤ እሱም ንባብ ነው፣ ገጹን ከመሃል መግለጥ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ «ዋይፋይ እያለ ለኬብል ምን አስጨነቀን?» የሚለው፣ ለቤት ተጠቃሚ አጥጋቢ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሲኖሩ ግን ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑን ኬብል ስለሚያስቀድም፣ ወደ ውጭ የማያደርስ ኬብል ሳይነቀል በዋይፋይ ልሥራ ያለ ሰው ዋይፋዩም የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካርዱ ዝርዝሩ ላይ እያለ፣ የሌላው ኬብል ተሰክቶ፣ ነገሩ ያልተፈታበት ላፕቶፕ ይኖራል። ጥያቄው አሁን አንድ ነው፦ ሃርድዌሩ ነው ወይስ ዊንዶውሱ? የፎርማት ደጋፊዎች የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው፤ እዚህም ግን ከፎርማት የተሻለ ፈተና አለ። ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ላፕቶፑ ከፍላሹ ተነስቶ፣ ዲስኩ ሳይነካ መሞከር ይቻላል። በዚያ ኔትወርኩ ከሠራ ካርዱም፣ ፖርቱም፣ ኬብሉም ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ በዊንዶውስ ወይም በድራይቨሩ ላይ ተረጋገጠ። ያን ጊዜም ቀለል ያለው ይቀድማል፦ ካርዱን ከዲቫይስ ማኔጀር አስወግዶ ሪስታርት ማድረግ፣ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዶ መጫን፣ በዊንዶውስ 10 እና 11 ያለውን የኔትወርክ ሪሴት መጠቀም። ፎርማት የእነዚህ ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ቦታ አለው። በፍላሹም ካልሠራ፣ ሊኑክሱ ያንን ካርድ የማያውቅ ካልሆነ በቀር፣ ፎርማት ከንቱ ነው።

የሞተ ፖርት፣ በተለይ የመብራት ኃይል ሲዋዥቅ ወይም መብረቅ ሲመታ የተቃጠለ፣ ላፕቶፕ ላይ ለብቻው መቀየር አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የኤተርኔት አዳፕተር ይበቃል፤ አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤርን ያለ ኤተርኔት መሰኪያ ካወጣ ጀምሮ ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች በዚሁ ነው የሚኖሩት። ሲገዛ የዩኤስቢው ዓይነት ይታይ፦ ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት ስለማያልፍ ጊጋቢት የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበትም ጊጋቢት አያደርስም፤ 3.0 ያደርሳል። አዳፕተሩ ማክ አድራሻ የሚባል የራሱ ባለ 48 ቢት የሃርድዌር መለያ ቁጥር አለው፤ ስለዚህ የተመዘገበ ማሽን ብቻ በሚያስገባ የቢሮ ኔትወርክ ላይ መብራቱ በርቶ ፈቃድ ሊከለከል ይችላል፣ አዲሱ ቁጥር ለኔትወርክ ኃላፊው እስኪሰጥ ድረስ።